የድሮ የምግብ ማስታወቂያ አረጋውያንን ለማጫወት

የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ሁሉ «ትናንት ምን በሉ?» የሚለው ጥያቄ ዝምታን ወይም ብስጭትን እንደሚያስከትል ሳትታዘቡ አትቀሩም። በዚህ ፈንታ የወጣትነት ዘመናቸውን የምግብና የመጠጥ ማስታወቂያ አሳዩአቸው። ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የተቀረጸ ትዝታ ከሌላው ይልቅ ጸንቶ ስለሚቆይ፣ በ1938 ዓ.ም. ለተወለዱ እናት የሚስማማው ከ1948 እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ የወጣው ነው፤ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ ከቆዩ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትሞች ኮፒ ማስነሣትና ለደከመ ዓይን እንዲታይ አጉልቶ ማተም ይበቃል።

ሥዕሉ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የቡና ማስታወቂያ ስታሳዩ ፒያሳ ካለው ቶሞካ የተገዛ ቡና ከፍታችሁ አስሸትቱአቸው፤ ሽታ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል በአጭር መንገድ ስለሚደርስ፣ ቃል የጠፋባቸው ሰዎች እንኳ ፊታቸው ሲፈታ ይታያል። «ያስታውሳሉ?» ማለት ፈተና ይሆንባቸዋልና «እማማ፣ የዚህ ቡና መዓዛ እንዴት ነው?» ብሎ ፊታቸው ስላለው ነገር መጠየቅ ይሻላል፤ የቀረውን ራሳቸው ይጨምሩበታል። (የዱሮውን ዋጋ ካነሡማ ጨዋታው አያልቅም።)

በጾም ወቅት የፍስክ ምግብ ሥዕል አታቅርቡ፤ መዋጥ ለሚቸገሩም ከማሽተት አትለፉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ ላዩ ሰዎች ደግሞ የምግብ ሥዕል ኀዘን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ፊታቸው ከጠቆረ ወዲያውኑ አንሡትና ወደ ሌላ ጨዋታ እለፉ።