ስኳሩን ሳናየው የምንሰራቸው ስህተቶች

ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማታ ማታ ደሞ የሰፈር ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ተማሪውም መድኃኒት ገዢውም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ስኳሩ ላይ።

መጀመሪያ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ላይ ስኳር መጨመር። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች፣ ካስቀመጠው ሁለት ቀን ሆኖታል፣ "ኦአርኤስ እየሰጠሁት ባሰበት" አለችኝ። እንዴት በጠበጥሽው ስላት ፓኬቱን በሙሉ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ እንዲጣፍጠው ብላ ደሞ ሁለት ማንኪያ ስኳር። እህቴ፣ ያ ፓኬት የ1 ሊትር ነበር! (መጠኑ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ እባካችሁ አንብቡት።) በ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው የተደረገው ለጣዕም አይደለም፣ አንጀታችን ላይ ግሉኮስና ሶዲየምን አንድ ላይ የሚያስገባ በር አለ፣ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል፣ ስኳሩ ከበዛ ግን ነገሩ ይገለበጥና ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበዋል፣ ልጁም ይብስበታል።

ተማሪዎች ጋ ስመጣ ኑክሊዮሳይድና ኑክሊዮታይድን አንድ ያደርጓቸዋል። ቤዝ (እንደ ታይሚን ያለው፣ የዲኤንኤ "ፊደል" የሚባለው ክፍል) እና ስኳር ብቻ ከሆነ ኑክሊዮሳይድ፣ ፎስፌት ሲጨመርበት ኑክሊዮታይድ፣ ዲኤንኤ የሚሰራበት ጡብ ማለት ነው፣ በቃ።

ከዛ የሚብሰው ዚዶቩዲን ነው፣ ኑክሊዮሳይድ አስመስሎ የተሰራ መድኃኒት። በ1987 የተፈቀደ የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፣ ፈተና ላይ ግን ብዙዎቹ "ቤዙ ተቀይሯል" ብለው ይጽፋሉ። ቤዙማ ያው ታይሚን ነው! የተነካው ስኳሩ ነው፣ 3ኛው ካርቦን ላይ የነበረው ኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ወጥቶ አዛይድ (ሦስት ናይትሮጅን) ገብቷል። ቫይረሱ ዲኤንኤ ሲሰራ ቀጣዩን የሚያያይዘው በዛ ኦኤች ስለሆነ ሰንሰለቱ እዛው ይቆማል። ቆመ ማለት ግን ቫይረሱ ከሰውነት ጠፋ ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱን ሲያቋርጡት እንደገና የሚነሳው ለዚህ ነው።

የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት የሆነው አሲክሎቪርም እንደዛው የቫይረሱን መባዛት ነው የሚያቆመው፣ ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቅጠል ሲቀባ ከርሞ በሳምንቱ ሲመጣ ያሳዝነኛል፣ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነበር ጥሩ የሚሰራው።

የመጨረሻው የኛው የቡና አገር ስህተት ነው፣ "ካፌን ኑክሊዮሳይድ ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም፣ ራይቦስ የሚባለው ስኳር የለውም፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሰራው፣ እንቅልፍ እንዲመጣ የሚያደርገው ኑክሊዮሳይድ አዴኖሲን ግን አለው። መልካቸው ስለሚቀራረብ ካፌን የአዴኖሲንን ቦታ ይይዝበታል፣ እንቅልፍ የሚያባርረውም በዚህ ነው። አዴኖሲን ራሱ መድኃኒት ነው፣ አንዳንድ ዓይነት በድንገት የሚነሳ ፈጣን የልብ ምትን ለማቆም በደም ስር 6 ሚሊግራም በፍጥነት ይገፋል፣ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ግማሹ ከደም ይጠፋል። በሽተኛው ሦስቱንም ስኒ እስከ በረካ ጠጥቶ የመጣ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ላይሰራለት ይችላል፣ እና ጅማ ውስጥ የምትሰሩ ልጆች፣ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት "ቡና መቼ ጠጡ?" ብላችሁ ጠይቁ።