ማለቂያው የማይታወቅ የቴኒስ ግጥሚያ ከከተማ ዳር ሆኖ እንዴት ይታያል?

የእግር ኳስ ተመልካች ስንት ሰዓት ላይ እቤቱ እንደሚገባ ያውቃል። ዘጠና ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ የባከነ ሰዓት፣ ቢበዛ ጭማሪ ሰዓትና የመለያ ምት ነው። ቴኒስ ግን በሰዓት አይዳኝም። አንዱ አሸናፊ እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል፤ ሁለቱም አልሸነፍ ካሉ ተመልካቹም አብሮ ይታገታል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ጆን ኢስነርና ፈረንሳዊው ኒኮላ ማሁ በዊምብልደን 18ኛው ሜዳ የጀመሩት የመጀመሪያ ዙር ግጥሚያ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቷል። የአምስተኛው ሴት (ግጥሚያው የሚከፋፈልበት ክፍል «ሴት» ይባላል) ውጤት ብቻ 70 ለ 68 ነበር። የሜዳው የውጤት ሰሌዳ 47 ለ 47 ላይ ደርሶ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ በላይ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በለገጣፎ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ግጥሚያ ለማየት ሲነሳ ከመሃል ከተማው ነዋሪ ይልቅ ብዙ ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት ይኖርበታል። ታክሲ በጊዜ ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም ለአምስተኛው ሴት አይራራም።

1. ሰዓቱን ወደ እኛ ሰዓት ይመልሱ

በዓመት አራት ትልልቅ ውድድሮች አሉ። ወንዶች በአምስት ሴት (ሦስቱን ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል) የሚጫወቱት በእነዚህ ስለሆነ፣ ረጅሙን ግጥሚያ የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀው እነዚህን ነው።

የአውስትራሊያው በጥር ይካሄዳል። ሜልበርን ያኔ በስምንት ሰዓት ትቀድመናለች፤ የእነርሱ የማታ ጨዋታ ለእኛ ረፋድ ላይ፣ ወደ 5 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። በ2023 አንዲ መሬይ ታናሲ ኮኪናኪስን ለማሸነፍ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲወስድበት፣ ሜልበርን ሊነጋ ተቃርቦ ነበር፤ እዚህ ግን ገና ከምሽቱ 2፡05 ነበር። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከዚህ የተመቸ ውድድር የለም፤ ችግሩ የሥራ ሰዓት መሆኑ ብቻ ነው።

የፓሪሱ ግንቦት ላይ ተጀምሮ ሰኔ መግቢያ ላይ ያልቃል፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የ2025 የወንዶች ፍጻሜ የተደረገው ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጰራቅሊጦስ እሑድ ነበር። ካርሎስ አልካራዝና ያኒክ ሲነር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምረው 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ተጫወቱ። በማግስቱ የሰኔ ጾም ስለሚገባ ቅበላ ላይ የነበረው ቤተሰብ እራቱን በልቶ ሲጨርስ እነርሱ ገና አልጨረሱም ነበር።

ዊምብልደን ሰኔ መገባደጃ ላይ ይጀምራል። ለንደን በሁለት ሰዓት ትዘገያለች። የዋናው ሜዳ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ በእኛ ከቀኑ 9፡30 ተጀምሮ፣ ቢረዝም ቢረዝም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የግድ ይቆማል። ከባዱ የኒው ዮርኩ ነው፤ የማታው ክፍል የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በ2022 አልካራዝና ሲነር እዚያው ባደረጉት የሩብ ፍጻሜ ግጥሚያ የመጨረሻው ኳስ የተመታው እዚህ ጳጉሜን 3፣ በዕለተ ሩፋኤል ከጠዋቱ 3፡50 ላይ ነው። ይህን ለማየት ያሰበ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ለሌሊቱ ቢነሳ ይሻለዋል። ነቅቶ ማደር ከአራተኛው ሴት አያሳልፍም።

2. የሚያዩበትን ቤት ከጨዋታው በፊት ይምረጡ

እቤትዎ ዲሽ ካለና ክፍያው ካልተቋረጠ ይህን ክፍል ይለፉት። ከሌለ ወደ ሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት መሄድዎ ነው። በእግር ተሂዶ የሚመለስበት ይሁን፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው ቤት ስክሪኑ ቢሰፋም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መመለሻው ያስቸግራል።

ሰኔና ሐምሌ የአውሮፓ ሊጎች የሚያርፉበት ጊዜ ስለሆነ ስክሪኑ ባዶ ነው፤ ባለቤቱም ደንበኛ አይገፋም። የዓለም ዋንጫ ወይም የአፍሪካ ዋንጫ ካለ ግን ተስፋ ይቁረጡ። ኢስነርና ማሁ አምስተኛውን ሴት ሲጫወቱ የዋሉት ሰኔ 16 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ምሽት ከ3፡30 ጀምሮ ጋና በደቡብ አፍሪካ ከጀርመን ጋር ትጫወት ነበር። ያን ዕለት በጋና ላይ ቻናል ቀይሩልኝ ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ሂሳቡን አስቀድመው ይነጋገሩ። ዲኤስቲቪ ቤት የሚያስከፍለው በጨዋታ ነው፤ ባለቤቱ ጨዋታ ሲባል የሚያውቀው ደግሞ ሁለት ሰዓት የማይሞላውን ነው። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ዛሬ ቴኒስ ማየት ፈልጌ ነበር።»

«ምን ችግር አለ፤ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም? ዕረፍትስ የለውም?»

«አለው። 90 ሰከንድ።»

«በ90 ሰከንድ ማን ሻይ ያዝዛል ልጄ?»

መልሱ፦ አስቀድመው ያዝዛሉ፣ ደጋግመውም ያዝዛሉ። ለሁለት ጨዋታ ከፍለው ከገቡና ሦስት አራት ጓደኛ ይዘው ከመጡ ሪሞቱ እርስዎ ዘንድ ይሆናል።

3. ውሃ፣ መብራት፣ ዲሽ

ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ተረኛው ምሽት ደግሞ በማይመች ሰዓት ላይ ይወድቃል። ጀሪካን እየሞሉ ታይ ብሬክ (6 እኩል ላይ ሴቱን የሚለየውን የነጥብ ፉክክር) ማየት አይቻልም። የሚሞላውን ሰው ከወዲሁ ይስማሙበት፤ ወይም ባዶ ጀሪካኖቹን ከቧንቧው ሥር ደርድረው በጨዋታው መሃል መቀያየር ብቻ ይቅርዎት።

መብራት ከጠፋ ቴሌቪዥኑንና ዲኮደሩን ወዲያውኑ ይንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያው ኃይል ዕቃ ያቃጥላል፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ነው። እስከዚያው ውጤቱን በስልክ ይከታተሉ፤ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ የውጤት ገጽ ከጥቅልዎ ላይ ብዙም አይቀንስም፤ ቪዲዮ ግን በአንድ ሴት ይጨርሰዋል። ስልኩም ፓወር ባንኩም ከጨዋታው በፊት ይሞሉ።

በክረምት ከባድ ደመና ሲጥል ምስሉ ይቆራረጣል። ዲሹ ስለተንቀሳቀሰ አይደለም፤ ዝናቡ ምልክቱን ስለሚውጠው ነው። ስለዚህ በመብረቅ መሃል ዲሽ ለማዞር ጣሪያ ላይ አይውጡ፤ ሲያባራ በራሱ ይመለሳል።

4. የትኛው ነጥብ ውድ እንደሆነ ይለዩ

የረጅም ግጥሚያ ተመልካች ዋና ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ኢስነር ያንን ታሪካዊ ግጥሚያ ሲያሸንፍ ያገኘው 478 ነጥብ ነው። ተሸናፊው ማሁ 502 አግኝቷል። በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብ ይዞ 204 ባገኘው ኖቫክ ጆኮቪች ተሸነፈ። በሰኔ 1ዱም የፓሪስ ፍጻሜ ሲነር 193፣ አልካራዝ 192 ነበራቸው፤ ዋንጫውን ያነሳው አልካራዝ ነው። በሌላ አነጋገር ነጥብ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ሁሉንም በእኩል ትኩረት ለማየት የሚሞክር ሰው ሦስተኛው ሴት ላይ ይደክምና ውዱ ነጥብ ሲመጣ እያንቀላፋ ያልፈዋል።

ርካሹ ነጥብ የሚታወቅ ነው። በአንድ ጌም ውስጥ ነጥብ 15፣ 30፣ 40 እየተባለ ይቆጠራል፤ ጌሞች ተደምረው ሴት ይሆናሉ። ሰርቭ የሚያደርገው (የመጀመሪያውን ኳስ መትቶ ነጥቡን የሚያስጀምረው) ተጫዋች 40 ለ 0 እየመራ ከሆነ ዓይንዎን ያሳርፉ፤ ቆሎ ይዘግኑ። 15 ለ 30 ሲሆን ይቀመጡ። 30 እኩል ሲሆን ወሬ ይቁም። 30 ለ 40 ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ሰርቭ መረብ መንካቱን ወይም መውጣቱን ይጠብቁ፤ ከወጣ ሁለተኛው ሰርቭ የግጥሚያው ሙሉ ክብደት ያረፈበት ኳስ ነው። አልካራዝ በዚያ ፍጻሜ በአራተኛው ሴት 5 ለ 3 እየተመራ፣ በራሱ ሰርቭ 0 ለ 40 ሆኖበት ነበር። ለሲነር ሦስት የሻምፒዮንነት ነጥብ ማለት ነው። ሦስቱንም አዳነ። ሲነር ወዲያው በራሱ ሰርቭ ግጥሚያውን የሚዘጋበት ሌላ ዕድል አገኘ፤ እርሱንም አልተጠቀመበትም። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ሰዓት ተኝቶ ያሳለፈና እነዚህን ጥቂት ደቂቃዎች ያየ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ አፍጥጦ እነዚህን ብቻ ካመለጠው ሰው ይበልጥ ግጥሚያውን አይቷል።

ግጥሚያው ለምን እንደረዘመም መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት በሰርቭ የሚረዝም ነው። ኢስነር 113፣ ማሁ 103 ጊዜ ተቃራኒው ሳይነካው የሚያልፍ ሰርቭ መትተዋል፤ በመሃል ተከታታይ 168 ጌሞችን ሰርቭ ያደረገው እየወሰደ ቀጥሏል። እንዲህ ባለው ላይ ኳሱን በዓይን መከተል ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ የሚመልሰውን ተጫዋች ይዩ፤ ወደ ኋላ ራቀ ወይስ ቀረበ? መገመት ጀመረ? ማሁ በአምስተኛው ሴት ሁልጊዜ ከኢስነር ቀጥሎ ሰርቭ የሚያደርግ ስለነበር 64 ጊዜ በተከታታይ «ይህን ጌም ካጣሁ አበቃ» በሚባልበት ሁኔታ ሰርቭ አድርጎ ተርፏል። በ65ኛው ተሰበረ፤ በራሱ ሰርቭ ጌሙን አጣ። ሰዎች ከዚያ ግጥሚያ የኢስነርን ስም ያስታውሳሉ፤ ለእኔ ግን ግጥሚያው የማሁ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በቅብብል የሚረዝም ነው፤ በቀዩ የፓሪስ አፈር ላይ ይበዛል። እዚህ የሚታየው እግር ነው። የደከመ ተጫዋች መጀመሪያ የሚለወጠው አመታቱ ሳይሆን ከመታ በኋላ ወደ መሃል የሚመለስበት ፍጥነት ነው። ወደ ኳሱ ትንንሽ እርምጃ ማድረግ ትቶ እጁን ከዘረጋ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ከወዲሁ ያውቁታል። ቅብብል ሁሉ ደስ ይላል ማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሪችመንድ ቪኪ ኔልሰንና ጂን ሄፕነር አንድ ነጥብ ለመለየት 29 ደቂቃና 643 ምት ወስዶባቸዋል። ያንን በቀጥታ ከማየት የድንች ልጣጭ መላጥ የሚመርጥ ቢኖር አልፈርድበትም።

ከ2022 ወዲህ በአራቱም ውድድሮች የመጨረሻው ሴት 6 እኩል ከሆነ፣ በሁለት ልዩነት 10 ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ስለዚህ 70 ለ 68 ዳግም አይመጣም። ሕጉ ለተጫዋቾቹ ተገቢ ነው፤ ለተመልካቹም መጨረሻው ሲቃረብ እንዲያውቅ ይረዳዋል። 6 እኩል ሲሉ ከሰሙ ከመቀመጫዎ አይነሱ።

5. መቼ እንደሚነሱ ይወቁ

በነጥብና በነጥብ መካከል የሚፈቀደው 25 ሰከንድ ነው፤ ለምንም አይበቃም። ተጫዋቾቹ ሜዳ የሚቀያየሩት የጌሞቹ ድምር ጎደሎ ሲሆን ነው፤ 2 ለ 1፣ 3 ለ 2፣ 4 ለ 3። ያኔ 90 ሰከንድ አለ። ከሴቱ የመጀመሪያ ጌም በኋላ ግን ሳይቀመጡ ስለሚቀያየሩ አይታለሉ። በሴትና በሴት መካከል 120 ሰከንድ ይሰጣል። በ90 ሰከንድ ከሰል ላይ ጀበና ይጣዳል፤ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ መመለስ ግን አይሞከርም። ረዘም ያለ ሥራ ካለብዎት አንደኛው ተጫዋች በሴቱ 5 ለ 1 ሲመራ ይውጡ፤ ብዙ አያመልጥዎትም።

6. ሳያልቅ ቢያድርስ?

በዊምብልደን ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ ጨለማ ሲይዝ፣ በጣሪያም ሥር ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ፣ ግጥሚያው ይቋረጥና በማግስቱ ከቆመበት ነጥብ ይቀጥላል። ኢስነርና ማሁ ሁለት ጊዜ ተቋርጠዋል፤ አንዴ ሁለት ሴት እኩል ሆነው፣ አንዴ 59 እኩል ላይ። የማግስቱን መርሐ ግብር ከመተኛትዎ በፊት ይመልከቱ፤ የተቋረጠ ግጥሚያ የመጀመሪያ ተራ ላይሰጠው ይችላል። 59 እኩል የቆመው ያ ግጥሚያ በማግስቱ የቀጠለው በእኛ 12 ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሲሆን፣ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በለጠ።

ከዲኤስቲቪ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ የሚወጡ ከሆነ ብቻዎን አይሂዱ። የከተማው ዳር ጅብ የሚዞርበት ነው፤ ውሻውም ቀን ከሚያውቁት ውሻ የተለየ ነው። ጓደኛ ይዘው ይምጡ ያልኩት ለሂሳቡ ብቻ አልነበረም።

አሸናፊውን በቀጣዩ ዙር ለማየት ካሰቡ ደግሞ በሰዓቱ ይገኙ። ኢስነር በማግስቱ ከቲሞ ደ ባከር ጋር ገጥሞ 6 ለ 0፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 ተሸንፏል፤ ግጥሚያው 74 ደቂቃ ነው የፈጀው። ለዚህኛው የአንድ ጨዋታ ሂሳብ ይበቃል።