ለምች ዳማከሴ እንዴት ይጨመቃል?

እኛ ቤት አንድ ሰው ምች ሲመታው እናቴ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የምትሄደው። ዳማከሴው ከአጥሩ ሥር አለ። ቅባት ነገር ቀምሶ ወይም ተልባ ሲቆላ አሽትቶ ፀሐይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል ይባላል። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ሰውነቱን ይቆራርጠዋል፣ ከንፈሩ ይቆስላል። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። ኃይለኛ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። እናቶቻችን ፀሐይን የጠረጠሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም።

ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ ቅጠል ይበቃል። ለጋ ለጋውን ከጫፉ ቀንጥሱና እጠቡ።

ዋናው ሥራ ማሸቱ ነው። መጀመሪያ የታጠበውን ቅጠል አራግፉና ጨርቅ ላይ በትኑት፤ ውሃው ይጠፈፍ። ከዚያ በሁለት መዳፋችሁ መካከል አድርጋችሁ እሹት። መጀመሪያ ላይ ምንም አይወጣም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። አታድርጉ፣ ይቀጥናል። ዝም ብላችሁ እሹ። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያኔ ጨበጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ ይንጠባጠባል። የጁስ መፍጫ አልወድም፤ ያለ ውሃ አይዞርም። ሙቀጫ ይሻላል፣ ነጭ ሽንኩርት ያልተወቀጠበት ከሆነ። በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት።

አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉን ስኒ ውስጥ በተቀዳ ትኩስ ቡና ላይ ጨምሩ። ጀበናው ውስጥ አትክተቱት፤ ሸክላው ሽታውን ይዞ ይቀራል። የተረፈውን ግንባራችሁንና ጆሮ ግንዳችሁን ተቀብታችሁ ጋቢ ተከናንባችሁ ተኙ። አፍንጫ ውስጥ የሚያንጠባጥቡም አሉ። እኔ አልስማማበትም፣ በተለይ ለልጅ። የታሸውን ቅጠል ማሽተት ይበቃል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጠጣም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ኅዳር ከመተማ ተመልሼ አተኮሰኝ። ምች ነው ብዬ ሦስት ቀን ዳማከሴ በቡና ጠጣሁ። ጠጥቼ ስተኛ ያልበኛል፣ ትኩሳቱም ይለቀኛል። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ግን እያንቀጠቀጠ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን መቆም አቃተኝ፤ ተደግፌ ክሊኒክ ሄድኩ። ደሜ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ፣ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት። ላቡና ፋታው የወባው የራሱ ጠባይ እንጂ የቅጠሉ ሥራ አልነበረም። ያን ሦስት ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ስለዚህ ቅጠል ከመቀንጠሳችሁ በፊት የታመመውን ሰው ሰሞኑን የት እንደነበረ ጠይቁት። ቆላ ከርሞ ከሆነ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ ለደም ምርመራ ውሰዱት። ከጣቱ ጠብታ ደም ነው የሚወሰደው፤ ፈጣኑ ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዳማከሴውን ስትመለሱ ትጨምቃላችሁ።