ከደሴ ተነሥቶ የዓለም አቀፍ የንግድ ምልክት ጠበቃ መሆን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቢሮ የከፈቱ ወጣት ጠበቆች ስለዚህ ሙያ ሲያነሡ፣ በአእምሯቸው የሚመጣው ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች በውጭ አገር ችሎት ስለ አንድ አርማ ሲሟገቱ ነው። እንዲህ ያለ ሙግት መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው በፍለጋ፣ በማመልከቻ፣ በቀነ ገደብ ቁጥጥርና በደብዳቤ ልውውጥ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት የንግድ ስምንና የንግድ ምልክትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ደንበኛው የንግድ ምዝገባ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ስሙ የእኔ ነው» ሲል ጠበቃውም አብሮ ይስማማል። ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምልክቱ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ ወረቀቱንም የሚሰጠው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንጂ የከተማው ንግድ መምሪያ አይደለም። ለፈጠራ ሥራ ከሚሰጠው ፓተንት ጋር የሚያምታቱትም ጥቂት አይደሉም፤ በኔዘርላንድስ ብዙ የተወራለት የጤፍ ጉዳይ የፓተንት እንጂ የምልክት ክርክር አልነበረም።

ሁለተኛው ስህተት ዕቃውን ሳያዩ ምድብ መምረጥ ነው። ምልክቱ የሚመዘገብላቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር፣ የኒስ ምደባ፣ 45 ምድቦች ሲኖሩት 34ቱ ለዕቃዎች፣ 11ዱ ለአገልግሎቶች የተመደቡ ናቸው። አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛ በስልክ «የቆዳ ሥራ ነው የምሠራው» ስላሉኝ ማመልከቻውን በምድብ 18 አዘጋጀሁ። ለፊርማ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ወርክሾፓቸው ስገባ ግን፣ ቦርሳው አንድ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መደርደሪያው በሙሉ በጫማና በወገብ ቀበቶ ተሞልቶ አገኘሁት። ቦርሳ ምድብ 18 ሲሆን ጫማና የሚታጠቁት ቀበቶ ግን ምድብ 25 ናቸው። ማመልከቻው ገና ስላልገባ ዳንኩ፤ ከገባ በኋላ የዕቃዎቹን ዝርዝር ማጥበብ እንጂ ማስፋት በአብዛኞቹ መዝገቦች አይፈቀድም። ጨርቁን ምድብ 24፣ ከጨርቁ የተሰፋውን ልብስ ምድብ 25፣ የሱቁን አገልግሎት ደግሞ ምድብ 35 ውስጥ መፈለግ የሚለመደው እንዲህ እየሄዱ በማየት ነው፤ የሠንጠረዡን ቁጥር በቃል መያዝ ብቻውን አያዋጣም።

በፊደል ጉዳይ መቸኮልም ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ኮምቦልቻ ራሷ በላቲን ፊደል አንድ ቦታ በ«ኬ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሲ» ትጻፋለች፤ «ጦሳ» የሚለውን ስም የያዘ ምልክትም በአንድ ወይም በሁለት «ኤስ» ሊጻፍ ይችላል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ነጻ ነው» ብሎ ለደንበኛ መጻፍ አደገኛ ነው፤ በምልክት ሕግ የድምፅ መመሳሰልም ይታያልና። በአሜሪካ መዝገብ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ምልክት ሲቀርብ ንባቡ በላቲን ፊደል፣ ትርጉሙም በእንግሊዝኛ እንዲገለጽ ስለሚጠየቅ፣ ደንበኛው መጀመሪያ ላይ አንድ አጻጻፍ መርጦ እንዲጸና ማድረግ ያስፈልጋል።

የቦታ ስም ላይ ተደግፎ ምልክት ማቅረብም ሊታሰብበት ይገባል። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር በሲዳሞና በሐረር ላይ ተቃውሞ አቅርቦ ነበር፤ ከአሜሪካዊው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የመንግሥትን ያህል አቅም የሌለው የወሎ ማር ነጋዴ «ወሎ» የሚለውን ቃል ብቻውን ይዞ ከመሄድ ይልቅ ሌላ መለያ ቢጨምርበት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ዓለምን ሁሉ የሚሸፍን ምልክት የለም። የማድሪድ ሥርዓት በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገሮችን ለመጠየቅ ያስችላል፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ ምዝገባው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በመነሻ ምልክቱ፣ ማለትም መጀመሪያ በአመልካቹ አገር በቀረበው ወይም በተመዘገበው ምልክት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ መነሻው ከወደቀ ምዝገባውም አብሮ ይወድቃል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል ስለሚወጣና ጅቡቲ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለሆነች፣ 17 የአፍሪካ አገሮችን በአንድ ምዝገባ የሚያቅፈው የአፍሪካ አእምሯዊ ንብረት ድርጅት (ኦአፒ) የሚሸፍናት የሚመስለው ሰው አለ፤ ጅቡቲ ግን አባል አይደለችም። ሁሉንም ማመልከቻ ራስዎ ማስገባትም አይችሉም፤ አሜሪካ ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውጭ አገር የሚኖር አመልካች በአገሪቱ በተፈቀደለት ጠበቃ እንዲወከል ታስገድዳለች። ስለዚህ ለውጭ ባልደረባ ግልጽ ትእዛዝ መጻፍ መቻል የዕለት እንጀራ ነው።

የሁላችንም ፈተና የቀን አቆጣጠር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ምልክት ላይ የመቃወሚያ ጊዜው ከታተመበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ሲሆን አይራዘምም፤ በአሜሪካ 30 ቀን ነው። በኢትዮጵያ ምዝገባ በየ7 ዓመቱ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ አሜሪካ በዚያ ላይ በ5ኛውና በ6ኛው ዓመት መካከል ምልክቱ ሥራ ላይ መዋሉን የሚያረጋግጥ መግለጫ ትጠይቃለች። ሴፕቴምበር 30 የሚለውን ረዳቱ «መስከረም 30» ብሎ ቢመዘግበው፣ ትክክለኛው ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 20 በመሆኑ ዐሥር ቀን አልፏል ማለት ነው። እኔ አሁን በፋይሉ ሽፋን ላይ የውጭውን ቀን በቀይ፣ የእኛን በሰማያዊ እጽፋለሁ፤ ቀዩን የማሰላው ራሴ ነኝ፣ ለማንም አልሰጥም።