ኮንታክት ሌንስ፦ ከምርጫው እስከ ማውለቁ

«ዓይኔ ሌንስ አይቀበልም» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሞክረውት፣ ቆጥቁጧቸው፣ አስለቅሷቸው ወደ መነጽራቸው የተመለሱ ናቸው። አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው፤ ዓይናቸው በጣም ይደርቃል ወይም አለርጂ አለባቸው። ሌሎቹን ግን ጠየቅ ጠየቅ ስታደርጓቸው ጥፋቱ የዓይናቸው ሆኖ አይገኝም። ወይ ለችግራቸው የማይሆን ሌንስ ነው የያዙት፣ ወይ አደራረጉን በደንብ ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

1. መጀመሪያ ተለኩ

የመነጽር ማዘዣ ይዞ ሄዶ ሌንስ መግዛት አይሆንም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ ሌንስ ግን የሚያርፈው ዓይኑ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚያስፈልገው ኃይልም ይለያያል። እስከ 4 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ድረስ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። የመነጽሩ ቁጥር ማይነስ 6 የሆነ ሰው ግን ሌንሱ ማይነስ 5.50 አካባቢ ይሆናል። ፕላስ ለሚያደርግ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል።

በዚያ ላይ ሌንስ ልክ አለው። ማሸጊያው ላይ 8.4 ወይም 8.6 የሚል ታያላችሁ፤ የጉብጠቱ ልክ ነው። 14.0 ወይም 14.2 የሚለው ስፋቱ ነው። የጠበቀ ሌንስ ጠዋት ተመችቶ ይውልና ማታ ላይ ዓይን ያቀላል። የላላው ደግሞ ዓይናችሁን ባርገበገባችሁ ቁጥር ይንሸራተታል። ባለሙያው ዓይናችሁ ላይ አድርጎ አቀማመጡን ሳያይ ልሽጥላችሁ ካለ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ። ለውበት የሚደረገው ባለ ቀለም ሌንስም እንዲሁ ነው፤ ቁጥር ባይኖረውም ልኬት ይፈልጋል። የጓደኛን ተውሶ ማድረግማ አይታሰብም።

2. ለየትኛው ችግር የትኛው?

ሩቅ ብቻ ወይም ቅርብ ብቻ ለሚደበዝዝበት ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ማይነስ ወይም ፕላስ ያለው ተራ ሌንስ ይበቃዋል።

አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን የፊት ሽፋን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመጉበጡ የሚመጣ ብዥታ ካለባችሁ ቶሪክ የሚባለውን ጠይቁ። ተራው ሌንስ ፊደሉን ጥላ እንዳለው አድርጎ ይተወዋል፣ ማታ መብራቱን ይጎትተዋል፣ ራስም ያሳምማል። የቶሪክ ሌንስ ጣጣው ዓይን ላይ መዞር የሌለበት መሆኑ ነው። 10 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ማስተካከል ከነበረበት አስቲግማቲዝም አንድ ሦስተኛው ያህል ሳይስተካከል ይቀራል። እንዳይዞር ተብሎ ነው አንዳንዱ ከታች በኩል ወፈር የሚለው። ዓይናችሁን ስታርገበግቡ እይታችሁ ጠራ፣ ደበዘዘ፣ ጠራ፣ ደበዘዘ የሚል ከሆነ ሌንሱ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ሌላ ዓይነት ቶሪክ ይሞከርላችሁ፤ የአንዱ አምራች ሌንስ የዞረበት ዓይን በሌላው ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ከ40 ዓመት በኋላ ስልኩን ራቅ አድርጎ ማንበብ ለጀመረ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መልቲፎካል ነው፤ የሩቁንም የቅርቡንም ኃይል አንድ ሌንስ ላይ ይይዛል። ሌላው አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ርካሽና ቀላል ቢሆንም የርቀት ግምትን ያዛባል። ማታ መኪና ለሚነዳ ሰው እኔ አልመክረውም። መልቲፎካልም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አይፈረድበትም፤ አእምሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።

ኬራቶኮነስ ሌላ ነው። የዓይኑ የፊት ሽፋን እየሳሳ ወደ ፊት ሾጠጥ ስለሚል፣ ተራው ለስላሳ ሌንስ ቅርጹን ተከትሎ አብሮት ይጣመማል። ከፍ ላለው ደረጃ የሚሆነው አየር የሚያስተላልፈው ጠንካራ ሌንስ ወይም ስክለራል ነው። ስክለራል ሰፊ ነው፤ የሚያርፈው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ሆኖ ከሥሩ ፈሳሽ ይይዛል። ትልቅነቱ ያስደነግጣል እንጂ ከትንሹ ጠንካራ ሌንስ ይልቅ ይመቻል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ለጀማሪ ምርጫዬ በየቀኑ የሚጣለው ነው። ማጠብ የለ፣ ማስቀመጫ የለ። የወር የሚባለውን ከመረጣችሁ ወሩ የሚቆጠረው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ባደረግሁት ብሎ ሦስት ወር ማቆየት የለም።

3. ማድረግ

እጅ በሳሙና ታጥቦ ክር በማይተው ጨርቅ ይደርቃል። ሁልጊዜ ከቀኝ ጀምሩ፣ እንዳይምታታ። ሌንሱን ጣት ጫፍ ላይ አስቀምጡና ከጎን እዩት፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከሆነ ደህና ነው፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሸነፍበት ቦታ መጣን። «የታችኛውን ቆብ ጎትቱና አስገቡ» ይባላል። ዓይን የሚጨፈነው ግን በዋናነት በላይኛው ቆብ ነው። እሱን ካልያዛችሁት ሌንሱ ሳይደርስ ዓይኑ ይዘጋል፣ ሌንሱ ሽፋሽፍት ላይ ይታጠፋል፣ ትበሳጫላችሁ።

ስለዚህ ለቀኝ ዓይን ግራ እጃችሁን በግንባራችሁ በኩል አምጡ። ወደ ታች እያያችሁ የላይኛውን ሽፋሽፍት ከሥሩ፣ ቆቡ ጫፍ ላይ ያዙት። መሃል ቆቡን መያዝ ዋጋ የለውም፣ ያመልጣል። ከዚያ ወደ ላይ ስባችሁ ቅንድብ ሥር ካለው አጥንት ጋር አጣብቁት። በቀኝ እጅ የመሃል ጣት የታችኛውን ያዙ። ሁለቱን ይዛችሁ ዓይናችሁን ማርገብገብ ሞክሩ። ከቻላችሁ አያያዛችሁ ልክ አይደለም። ሌንስ ሳትይዙ ይህን ብቻ ደጋግማችሁ ብትለማመዱ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ጣታችሁ ደረቅ፣ ሌንሱ እርጥብ ይሁን። ጣት ከረጠበ ሌንሱ ዓይኑን ትቶ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። መስተዋት ውስጥ የራሳችሁን ዓይን እዩ፣ የሚመጣውን ጣት አትዩ። ሌንሱ ካረፈ በኋላ ቆቡን ወዲያው አትልቀቁት። ወደ ታች እዩ፣ መጀመሪያ የታችኛውን፣ ከዚያ የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቸኩላችሁ ከለቀቃችሁት ከሥሩ አየር ይይዝና ተፈናጥሮ ይወጣል።

ከቆጠቆጠ አውጥታችሁ በማጠቢያው ፈሳሽ አለቅልቁ። ሲደረግ የሚያም ሌንስ አይለመድም። ሜካፕ የምትቀቡ ሌንሱ ይቅደም።

4. ማውለቅና ማጠብ

ወደ ላይ እያያችሁ ሌንሱን በጣት ወደ ታች፣ ወደ ነጩ ክፍል ጎትቱትና በሁለት ጣቶች ለስላሳ ጫፍ ቆንጥጡት፤ ጥፍር አይነካውም። ከደረቀ ለሌንስ የሚሆን ጠብታ ጨምሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የጠፋ ከመሰላችሁም አትደንግጡ፤ ከዓይን ጀርባ የሚያልፍበት መንገድ የለም፣ ቆቡ ሥር ነው ያለው። ይህ ሁሉ ለለስላሳው ነው፤ ጠንካራውና ስክለራሉ የራሳቸው አወላለቅ አላቸው።

የወር ሌንስ በመዳፍ ላይ በፈሳሹ ታሽቶ ይታጠባል፣ «ማሸት አያስፈልግም» ቢባልም። የትናንቱን ፈሳሽ ደፍታችሁ አዲስ አድርጉ፤ በላዩ መጨመር ጀርም መቀለብ ነው። ማስቀመጫው ባዶውን ተደፍቶ ይድረቅ፣ በየሦስት ወሩም ይቀየር። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማጠቢያ ፈሳሽ የምትጠቀሙ፣ ሌንሱ በራሱ ማስቀመጫ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይቆይ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል።

ውሃ ሌንስ አይንካ። የቧንቧም፣ የታሸገም፣ የተፈላም። ውሃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል ረቂቅ ሕይወት አለ፤ ከሌንስ ሥር ከገባ እስከ ዓይነ ስውርነት የሚያደርስ፣ ሕክምናው ወራት የሚፈጅ ቁስል ያመጣል። ሻወርም ዋናም ያለ ሌንስ። ምራቅም አይሆንም። ተኝቶ ማደርም እንዲሁ፤ የዓይን የፊት ሽፋን የደም ሥር የለውምና ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው፣ ሌንስና የተዘጋ ቆብ ተደርበው ያፍኑታል።

ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም ከደበዘዘ ሌንሱን አውልቁና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አትጣሉ፤ ጀርሙን ለመለየት ሊመረመሩ ስለሚችሉ ይዛችኋቸው ሂዱ።