በአዳማ ዙሪያ አሸዋማ ማሳ ላይ በቆሎና ማሽላ ሲቀጭጩ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ገበሬው ማዳበሪያውን በወቅቱ ገዝቶ፣ ምርጥ ዘር ዘርቶ፣ አረሙንም አርሞ ምርቱ ካነሰበት፣ ጥፋቱን በዘሩ ወይም በዝናቡ ላይ ከመጣሉ በፊት አፈሩን በእጁ ቢፈትሽ ይሻለዋል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ያነሣል፤ ጠጠሩንና ሥሩን ለቅሞ፣ ውሃ ጠብ እያደረገ እንደ ሊጥ ካሸው በኋላ በሁለት መዳፉ መካከል እያንከባለለ እንደ ገመድ ለማርዘም ይሞክራል። ለመርዘም እምቢ ብሎ የሚፈረፈርና ጣት ላይ የሚሻክር ከሆነ አፈሩ አሸዋማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶችም በአብዛኛው ከዚሁ ጠባዩ የሚመጡ ናቸው።

ዝናቡ ካባራ ጥቂት ቀን ሳይሞላው የበቆሎው ቅጠል እኩለ ቀን ላይ ይጠቀለላል

አሸዋማ አፈር ሰብሉ ሊጠቀምበት የሚችለውን ውሃ ከመካከለኛ አፈር ግማሽ ያህሉን ብቻ ይይዛል። የዘነበው በቂ ቢሆንም ቶሎ ከሥሩ በታች ይወርዳል። የማሳው ገጽታ ከዝናብ በኋላ ቅርፊት የሚሠራና ውሃው የሚፈስ ከሆነ ትልሙን ተዳፋቱን አግድሞ ማውጣትና በየጥቂት እርምጃው በአፈር መዝጋት ውሃውን ባለበት ያሰርገዋል። ውሃው እንደወረደ የሚሰርግበት ልቅ አሸዋ ላይ ግን ይህ ልፋት ብዙም አይከፍልም፤ እዚያ የሚረዳው ገለባ ማልበስና በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ እንደወጡት እንደ መልካሳ-2 ያሉ ዝርያዎችን መዝራት ነው። አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር እንደሚፈለግ ይታወቃል፤ ኩበቱም ቢሆን እሳት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ያለችውን ጥቂት ፍግ ወይም ኮምፖስት በማሳው ሁሉ ከመበተን በዘር መስመሩ ላይ ብቻ ማድረግ የተሻለ ነው።

የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሃል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ እየገባ ይቢጫል

ይህ የናይትሮጅን ማነስ ነው። ከሁሉም ምልክቶች ይልቅ ይህኛው ገበሬን ሁለተኛ ኩንታል ዩሪያ ያስገዛዋል፤ በእኔ ግምት ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የብዛት ሳይሆን የጊዜና የቦታ ነው። 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ይህ ሁሉ ሰብሉ ገና ሥር ሳይሰድ አንድ ጊዜ ከተጨመረ አንድ ከባድ ዝናብ ይዞት ይሰርጋል፤ በደረቅ ገጽታ ላይ ተበትኖ ከተተወ ደግሞ በጋዝ መልክ ይተናል። መፍትሄው አንድ ሦስተኛ ያህሉን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ማድረግ ነው። በጣም አሸዋማ ከሆነ ቀሪውን እንደገና ለሁለት መክፈል ይቻላል። አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀጭን ቦይ በመክፈት ከጨመሩ በኋላ ወዲያው ማልበስ ያስፈልጋል፤ ሽልሻሎ ወይም ኩትኳቶ የሚደረግበት ቀን ለዚህ ይመቻል።

ብጫው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከታየ ጉዳዩ የሰልፈር እጥረት ሊሆን ስለሚችል ዩሪያ መጨመር አያድነውም።

ቡቃያው ሐምራዊ መልክ ይዞ ባለበት ይቀራል

ፎስፈረስ አንሶታል፤ ብርድም ለጥቂት ቀን እንዲህ ያደርጋል። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር ስላለው ለዚህም፣ ከላይ ለተነሣው የሰልፈር ጉዳይም ያገለግላል፤ ነገር ግን ፎስፈረስ ከተቀመጠበት ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በብተና ሳይሆን በዘር ጊዜ ከሥሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት። በኒጀር አሸዋማ ማሳዎች ላይ ማሽላ መሰሉን ቡልቱግ (ፐርል ሚሌት) የሚዘሩ ገበሬዎች በየጉድጓዱ አንድ የለስላሳ ቆርኪ፣ 6 ግራም ገደማ ማዳበሪያ ያደርጋሉ። እኛ ዘንድ በቆሎ በ75 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲዘራ በሄክታር 53,000 ያህል ተክል ስለሚኖር፣ 100 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ ለአንድ ተክል 2 ግራም አይሞላም፤ በሦስት ጣት የሚቆነጠር ማለት ነው። ማዳበሪያው ዘሩን ከነካ ግን ያቃጥለዋል፤ በመካከላቸው አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር ይኑር። መስመሩ ላይ ክፍተት ከታየ ቆፍሮ ማየት ነው፤ የጠቆረ ዘር ከማዳበሪያ ፍሬ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ማሽላው ዝናብ እያለ ይጠወልጋል፣ ከሥሩም ሐምራዊ አበባ ይበቅላል

ይህ አቀንጭራ የተባለው፣ ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው፤ ለምነቱ የተሟጠጠ አፈር ይመቸዋል። ከመሬት ብቅ ሲል ጉዳቱን ጨርሷል፤ ቢሆንም አንዱ ተክል ብዙ ሺህ ዘር ስለሚያራግፍና ዘሩም በአፈር ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ አበባው ፍሬ ሳይይዝ መንቀል ግዴታ ነው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ይቋቋሙታል። በቀጣዩ ክረምት ማሳውን በቦሎቄ ማፈራረቅም የአቀንጭራውን ዘር ክምችት ያሳንሳል፤ ለከርሞው ማሽላም ጥቂት ናይትሮጅን ይተውለታል።