ስለ ጌም ኤሊየኖች ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት፣ ማታ የፊፋው ግርግር ሲበርድ ክርክሩ ኤሊየኖች (ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን) ወደሞሉባቸው የጠፈር ጌሞች፣ ወደ ማስ ኢፌክትና ሄሎ ይዞራል። ደስ የሚል ክርክር ነው፤ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው። ግን አንድ ዓይነት ስህተት ሲደጋገም ማየት ሰለቸኝ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የራስን ሴቭ (ተጫውተው ያስቀመጡትን) የጨዋታው ታሪክ አድርጎ መከራከር ነው። በቀደም ስለ ክሮጋኖች፣ ማለትም ስለ ማስ ኢፌክት ተዋጊ ኤሊየኖች ሲወራ፣ አንዱ «የክሮጋኖቹ መሪ ሪቭ ነው፤ ሬክስ ድሮ ሞቷል» ይላል። ሌላው «ምን ነካህ አቦ! ትናንት ፕላኔታቸው ቱቻንካ ላይ ዙፋኑ ላይ ቁጭ ብሎ አናግሬዋለሁ» ብሎ ይነሳበታል። ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ለሁለት ተከፍለው ተጯጯሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ! በ2007 በወጣው የመጀመሪያው ክፍል ሬክስ የጄኖፌጅ (የክሮጋኖችን ወሊድ የሚያመክን በሽታ) መድኃኒቱ ሊወድም መሆኑን ሲሰማ መሣሪያ ይደግናል። ካሳመናችሁት ይተርፋል፤ ካልሆነ እዚያው ይገደላል። ከተረፈ በ2010ሩ ክፍል የኡርድኖት ጎሳ አለቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከሞተ ቦታው የሪቭ ነው።

የኛን ሰፈር የሚለየው ደግሞ ጌሙ በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። የፒሲውን ሁለተኛ ክፍል ያለ መጀመሪያው ሴቭ የጀመረ ሰው ጨዋታው ራሱ ሬክስን እንደሞተ ቆጥሮ ይቀበለዋል። ልጁ የመረጠው ነገር የለም፤ ምርጫ መኖሩንም አላየም። ስለዚህ ከመጮሃችሁ በፊት «ከየትኛው ክፍል ጀመርክ? ሴቩን አሻግረሃል?» በሉ። ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው፣ አንድ ገጸ ባሕርይ የተናገረውን ሁሉ እውነት ብሎ መያዝ ነው። በአበጋር ሽምግልና ያየና የሰማ ምስክር እኩል እንደማይታይ ሁሉ፣ እዚህም ማን እንደተናገረና ከየት እንዳወቀው ጠይቁ። በመጀመሪያው ክፍል ስለ ጌዞች (የማስ ኢፌክት ሮቦቶች) የምታወራልን ጓዳችን ታሊ ናት፤ ጌዞቹ ደግሞ ሕዝቧን ከአገሩ ያባረሩ ናቸው። በሁለተኛው ክፍል ሊጅን የሚባል ጌዝ መጥቶ የመጀመሪያውን ክፍል ዋና ጠላት ሶቨሪንን የተከተሉት ጥቂቶቹ ብቻ እንደነበሩ ሲናገር «ደራሲዎቹ ተጋጩ» የሚል አይጠፋም። አልተጋጩም። ያኔ የሌላኛውን ወገን ቃል የሰማ አልነበረም። ኢሊየም ፕላኔት ላይ ባለው መጠጥ ቤትም አንድ ሰው፣ አንድ ቱሪያንና አንድ ሳላሪያን (ሁለቱ ኤሊየኖች ናቸው) ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ አሳሪ የሚባሉት ኤሊየኖች «የኛን ዘር ይመስላሉ» ይላል። ማን ልክ እንደሆነ ጨዋታው አልወሰነም፤ እናንተም የተወሰነ አስመስላችሁ አታውሩ።

ሄሎ ውስጥ ያሉት ብሩት የሚባሉ ኤሊየኖች መልክ ከሄሎ 2 ወደ ሄሎ 3 መቀየሩ የሥዕል ማሻሻያ ነው። ይህንም ደራሲዎቹ ለመጋጨታቸው ማስረጃ ብላችሁ አታምጡ።

አንድን ዘር እንደ አንድ ሰው መቁጠርም አለ። ጄኖፌጅን የሠሩት ሳላሪያኖች፣ ክሮጋኖች ላይ የረጩት ቱሪያኖች ናቸው፤ እውነት ነው። ከዚያ «ሳላሪያን ሁሉ አረመኔ ነው» ብሎ መደምደም ግን ሳላሪያኑን ሳይንቲስት ሞርዲንን መርሳት ነው። ጄኖፌጁን ያጠናከረው እሱ፣ በ2012ቱ ክፍል መድኃኒቱን ለማድረስ ሕይወቱን ሊሰጥ ይችላል። ክርክሩ ከክሮጋን ወጥቶ የሰው ዘር መጥራት የጀመረ ዕለት ግን ወዲያው ይቁም። ደሴ ላይ ያየነው ይበቃናል።

የመጨረሻው፣ የወደዱትን ጌም ስህተት ሁሉ በግድ ማስታረቅ ነው። በ2007ቱ ሄሎ 3 ጊልቲ ስፓርክ የተባለው ሮቦት፣ ሰው የሆነውን የጌሙን ጀግና ማስተር ቺፍን «አንተ ፎርረነር ነህ» ይለዋል። በ2012ቱ ሄሎ 4 ግን የጥንት ሰዎችና ፎርረነሮች የተዋጉ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው። «ስፓርክ አብዶ ነው» ማለት ይቻላል። እኔ ግን ታሪኩ መንገድ ላይ ተቀይሯል ባይ ነኝ፤ ይህን ማመን ጨዋታውን መጥላት አይደለም።

ማስ ኢፌክትም የራሱ አለው። በመጀመሪያው ክፍል መሣሪያው ሲግል በራሱ ይበርዳል፤ በሁለተኛው ቴርማል ክሊፕ (ሙቀቱን የሚወስድ ተቀያሪ ዕቃ) መልቀም ግድ ነው። ኮዴክሱ (ጌሙ ውስጥ ያለው የመረጃ መዝገብ) በሁለት ዓመት ውስጥ የመጣ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው ይላል፤ እሺ እንበል። ታዲያ የጓዳችን የጄኮብ አባት ከአሥር ዓመት በፊት በተከሰከሰበት ፕላኔት ላይ ክሊፑ መሬት ለመሬት ተበትኖ የምናገኘው እንዴት ነው? እስካሁን የሚያሳምን መልስ ያቀረበልኝ የለም። ያለው ካለ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ንግግር ላይ እንዳገኘው ይዞ ይምጣ።